እቴቴ የትም ትሆናለች

መስኮት አለኝ! በናታችሁ ስሙኝ፣ የራሴ ክፍል፣ ክፍሉ ደግሞ ከነመስኮቱ! ሰማይ ያለው፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ቀጥ ብላ መጥታ አፍንጫዬ ላይ ቁጭ የምትልበት መስኮት። ከገባን ገና ሳምንት አልሞላንም። አሁን ራሱ አልጋዬ ላይ እየዘለልኩ ነው የማወራችሁ፤ ድምፄ ከተቆራረጠ እሱ ነው።

ከመጀመሪያው ካልነገርኳችሁ እፈነዳለሁ።

የድሮው ቤታችን ገርጂ ነበር። እዛ እኔና እቴቴ አንድ ክፍል ነበርን። እቴቴ የአባቢ ታላቅ እህት ናት፤ ሙሉ ስሟ ወይዘሮ የሻረግ ነው። እናታቸው ቶሎ ስለሞተች አባቢን ያሳደገችው እሷ ናት። እሱን አሳድጋ ስትጨርስ ደግሞ እኔ ተወለድኩ፣ እኔን ጀመረች። ከትምህርት ቤት የምታመጣኝ እሷ፣ ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ ሲያመኝ ግንባሬን የምትዳብሰኝ እሷ። ለራሷ ግን ምንም አትልም። ሻይ ትጠጫለሽ? "አይ፣ ተይው።" ጋቢ ላምጣልሽ? "ኧረ አልበረደኝም።" ትንሽ ብዪ? "አሁን በላሁ እኮ።" መቼ እንደበላች ማንም አላየም።

ልዋጭን መቼም አላስረዳችሁም፣ እናንተ ቤት ግድግዳ ላይም አለች። እቴቴ ግን ስሟን በሰማች ቁጥር ትስቅ ነበር። ድሮ ልዋጭ የሚባሉ ሰዎች በየሰፈሩ እየዞሩ "ልዋጭ! ልዋጭ!" እያሉ ይጮኹ ነበር አሉ። አሮጌ ሱሪ ትሰጫለሽ፣ ሳፋ ትወስጃለሽ። ጭንቅላታቸው ላይ የሳፋ ክምር!

"ታዲያ ዝም ብለሽ አትሰጪም" ትለኛለች እቴቴ፣ ዓይኗ እያበራ። "በር ላይ ቆመሽ ትከራከሪያለሽ። ሂድ ትዪዋለሽ፣ ይሄዳል። ትጠሪዋለሽ፣ ይመለሳል። እኔ አንድ ሸሚዝ ሰጥቼ ለአባትሽ ጆግና ሳፋ ተቀብያለሁ፣ ሰውየው እያለቀሰ።"

"ለራስሽስ ምን ወሰድሽ?"

"ለእኔ? እኔ ምን ያደርግልኛል።"

እንደዛ ናት።

የኛዋ ልዋጭ፣ ግድግዳው ውስጥ ያለችው ማሽን፣ አትጮህም፤ ድምጿ እንደ ማር ነው። የምትፈልጉትን ትነግሯታላችሁ፣ እሷ "ገባኝ። ምን ትለቂያለሽ?" ትላለች። ሁሉንም ማግኘት የለም። ጫማ ስፈልግ ነጭና ቀላል አልኩ፣ ዝናብ መቻሉን ለቀቅኩ። ይኸው ክረምቱን ሙሉ እግሬ ይረጥባል፣ ግን ጫማዬን ብታዩት ትሞታላችሁ። ጓደኛ ስፈልግ የምታስቅ አልኩ። "ምን ትለቂያለሽ?" ሚስጥር መያዟን ለቀቅኩ። ማሂደር መጣች። በሳቅ ትገድለኛለች፤ የነገርኳትን ሁሉ ደግሞ ማታውኑ የክፍላችን ልጅ በሙሉ ያውቀዋል። ማሚ የማያስጠብቅ ሐኪም ፈልጋ ቀና ብሎ ማየቱን ለቀቀች። አሁን ሐኪሟ ማሚ ትሁን ሌላ ሰው አያውቅም። ግን ፈጣን ነው!

ቤት ውስጥ ደግሞ ሁሉም ሰው ክብደት አለው። አንድ ነገር በጣም ከፈለጋችሁ፣ ደጋግማችሁ ካላችሁ፣ እምቢ ካላችሁ፣ ክብደታችሁ ይጨምራል። ግድ የለኝም ካላችሁ ይቀንሳል። ጠዋት ማሚ "ሙቅ ውሃ አሁኑኑ" ትላለች። ልዋጭ "ከማን ላይ?" ትላለች። ሌላ ቤት እዚህ ጋ ጦርነት ነው። ማሂ ቤት ሦስት ልጆች ናቸው፣ ሦስቱም አፋቸው እሳት፤ ለአንድ ሻወር ሰፈር ይሰማል። እኛ ቤት ግን ፀጥ።

"ለእኔ ግድ የለኝም፣ በቀዝቃዛው እታጠባለሁ" ትላለች እቴቴ።

ቲን።

ይቺን ድምፅ ታውቋታላችሁ? ሰው ግድ የለኝም ሲል ብቻ የምትሰማው። ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ እንደሚለው። እኛ ቤት ቀኑን ሙሉ ቲን ነው። እኔ ልጅ ሆኜ እቴቴን ሳያት "ቲን!" እላት ነበር፣ እሷም ትስቅ ነበር።

አልጋዋ መስኮቱ ስር ነበር። እኔ ፈለግኩት። "ልጅቷ ታጥናበት፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ መስኮት ምን ይሠራልኛል።" ቲን። ከዛ በኋላ ከሰዓት በርጩማዋን ይዛ ፀሐይዋን ስትከተል አያት ነበር፤ መጀመሪያ ኮሪደር፣ ከዛ የወጥ ቤቱ ጥግ፣ ከዛ የበሩ ስንጥቅ። ፀሐይዋ ስትሄድ እሷም ትቆማለች። ሥጋውን አባቢ ፈለገው፣ ቲን። የማታ ሬዲዮዋን ማሚ ፀጥታ ፈልጋ፣ ቲን። የደም ግፊት መድኃኒቷ እንኳን ራስ ወደሚያዞረው ተቀየረ፣ ለምን እንደነበረ ረስቼዋለሁ። እሷ "እሱም መድኃኒት፣ ይሄም መድኃኒት" አለች። ቲን።

የኛ ቤት በእርካታ ከሕንፃው አንደኛ ነበር። ሊፍት ውስጥ ሰዎች ይጠይቁናል፦ "እንዴት ነው የምታደርጉት?" ማሚ ፀጉሯን ነካ አድርጋ "ያው መቻቻል ነው" ትላለች።

እሺ። አሁን ወደ ቤቱ።

አባቢ የሥራ ቦታው ተቀየረና አዲስ ቤት መፈለግ ጀመርን። ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ሳሎን ቁጭ አልን፤ ልዋጭ ቤቶቹን ግድግዳው ላይ እያወጣች ታሳየናለች። ይሄ ነገር እንዴት እንደሚያስደስት! መጀመሪያ የማይረባ ቤት ታመጣለች፣ እናንተ ትሳደባላችሁ፣ እሷ ከስድቡ ትማራለች።

"ይሄማ እስር ቤት ነው" አለ አባቢ።

"ገባኝ።"

"በረንዳ የለውም! አትክልቶቼን ራሴ ላይ ልትከላቸው?" አለች ማሚ።

"ገባኝ።"

"የራሴ ክፍል! የራሴ ክፍል! የራሴ ክፍል ከነመስኮቱ!" አልኩ እኔ። ደጋግሜ ያልኩት ክብደት ስለሚጨምር ነው። ሞኝ አይደለሁም።

"ገባኝ፣ ሔራን። በደንብ ገብቶኛል።"

ከዛ ማሚ ወደ ኋላ ዞረች። "እትዬ፣ እርስዎስ? ምን ይመርጣሉ?"

እቴቴ በሩ ጋ ቆማ ነበር፣ ፎጣ እያጣጠፈች። ቁጭ በዪ ብንላት ቁጭ አትልም። "እኔን ተዪኝ ልጄ" አለች። "እኔ ምን ቦታ እፈጃለሁ? የትም እሆናለሁ።"

ቲን።

ከዛ ይሄ ቤት መጣ። ወላሂ ሁላችንም ተነሳን። ከአባቢ ሥራ ማዶ። የማሚ በረንዳ እንደ ሜዳ። የኔ ክፍል ግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ሲሽከረከር፣ መስኮቱ ሲመጣ፣ ጮህኩ። አባቢ እንኳን አጨበጨበ፤ አባቢ ለሀገሩ ጎል እንኳን አያጨበጭብም።

"ምን እንለቃለን?" አለ አባቢ፣ እየሳቀ።

"ቤቱ ለሦስት ሰው ነው" አለች ልዋጭ። "የሚለቀቀው አንድ ሰው ነው። በቤቱ ዝቅተኛ ክብደት ያላቸው ወይዘሮ የሻረግ ናቸው። የትም እንደሚሆኑ ገልጸዋል። እርሳቸውን የሚፈልጉ ቤቶች አሉ። ላሳያችሁ?"

ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን። ፎጣው ግን መታጠፉን አላቆመም።

"አይ፣ እሱስ..." አለ አባቢ።

"እስቲ ዝም ብለን ብናይስ" አለች ማሚ። "ማየት ምን አለው?"

እና ምን ሆነ መሰላችሁ? ግድግዳው ሞላ! ከላይ እስከ ታች ቤት! ከአያት፣ ከቦሌ፣ ከለገጣፎ፣ ሁሉም እቴቴን የሚፈልጉ! ለካ ሰው እንደዚህ አይነት ሰው አጥቶ ነው። ሁሉም ቤት ሁሉም ይፈልጋል፣ የሚለቅ የለም። "ግድ የሌለው ሰው፣ ጤናማ፣ የሚራመድ ቢሆን ይመረጣል" ይላል አንዱ። ሌላው "ትንሽ ቢያስል ችግር የለም" ይላል። እኔ ኮራሁ! የኔ እቴቴ እኮ ናት!

"እቴቴ፣ ነይ እዪ! ተፈላጊ ነሽ!" አልኳት።

ቀረብ ብላ አየች። መነፅሯን ከለቀቀች ብዙ ጊዜዋ ነው፣ ምን እንዳየች እንጃ። "አሃ" አለች። "ስንቱ ሰው ቤቱ ተቸግሯል።"

ማረጋገጫው በማግስቱ እሁድ ሆነ። ሰው ሲለቀቅ ራሱ በአፉ መናገር አለበት፣ ሕግ ነው። "የምፈልገው እዚሁ መኖር ነው" ብትል ያልቃል፣ ቤቱ ይቀራል። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት።

እሁድ ጠዋት እቴቴ ፀጉሬን ልታጥበኝ ሻወር ቤት ገባን። ቧንቧውን ከወትሮው በላይ ከፈተችው። ውሃ ሲፈስ ልዋጭ አትሰማም፤ ይሄን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ሐሜት ሁሉ ሻወር ቤት ነው። ጣቶቿ ፀጉሬ ውስጥ እንዳሉ ቆሙ።

"ሔሩ።"

"እ?"

"ድሮ እኮ እንግዳ ቤት ሲመጣ ብላ ይባላል፣ በልቻለሁ ይላል። እንደገና ይለመናል፣ ኧረ ጠግቤያለሁ ይላል። በሞቴ ሲባል ነው እሺ የሚለው። መጀመሪያ ላይ እሺ ያለ ሰው... ያሳፍራል። ሆዳም ይመስላል።"

"እሺ፣ እና?"

"እኔ እንደሱ ነው የለመድኩት። እምቢ ማለት ነው የማውቀው። እሺ ለማለት የሚለምነኝ ሰው እፈልጋለሁ።" ውሃውን ፊቴ ላይ እንዳይወርድ በእጇ ጋረደችልኝ። "እፈልጋለሁ ብዬ እንዴት በራሴ አፍ እናገራለሁ? ልጄ ቤት? አልችልም። አንድ ሰው ግን በሞቴ ካለኝ... እሺ እላለሁ። ከአንቺ ጋር ብሆን ደስ ይለኛል።"

ይሄን ስትል በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም። ደስ ይለኛል! እቴቴ! ደስ ሲላት! ዞሬ በሳሙናዬ አቀፍኳት። "እኔ እላለሁ!" አልኳት። "በሞቴ እልሻለሁ፣ አታስቢ።"

"ትያለሽ?"

"ስሞት!"

ሳቀች። ቀሚሷ በሙሉ በእኔ ሳሙና ረጠበ።

አሁን እናንተ ታውቁታላችሁ ግን ልንገራችሁ። በሞቴ ድሮ ዝም ብሎ ነበር የሚባለው። አሁን በሞቴ ካላችሁ ልዋጭ ወዲያው "ከምንሽ ላይ?" ትላለች። የለመነ ሰው ከራሱ ነው የሚለቀው። ማሂ ባለፈው ልደቷ ላይ አክስቷን "በሞቴ ኬክ ብዪ" ብላ ክረምቱን በሙሉ ሙቅ ውሃ አጣች። ለኬክ! እንዴት እንደሳቅንባት። ለዛ ነው ሰው የተወው። ፋራ ካልሆነ ማን ይላል?

ከምሳ በኋላ ሳሎን ቁጭ አልን። እቴቴ ነጠላዋን አዲሱን ለብሳለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች፣ ጫፉ ላይ። ግድግዳው ላይ አዲሱ ቤት ቀስ እያለ ይሽከረከራል፤ በረንዳው፣ የአባቢ መንገድ፣ የኔ መስኮት።

"ወይዘሮ የሻረግ" አለች ልዋጭ። "ከዚህ ቤተሰብ ጋር መኖር ይፈልጋሉ?"

እቴቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። "ኧረ እኔ... የእነሱ ደስታ ነው የኔ ደስታ።"

"መልስዎ ግልጽ አይደለም። እንደገና እጠይቅዎታለሁ። መኖር ይፈልጋሉ?"

እቴቴ አባቢን አየችው። አባቢ ጉሮሮውን ጠራረገ። "እትዬ" አለ። "እትዬ፣ በ..."

ግድግዳው ላይ የአባቢ መንገድ ቦግ አለ። "ከምንዎ ላይ?" አለች ልዋጭ፣ በማሩ ድምጿ። መንገዱ መርዘም ጀመረ፤ ከዛ አልፎ ታክሲ፣ ከታክሲው በኋላ ሰልፍ።

አባቢ አሳለ። "በ... በጣም እናመሰግንሻለን ልል ነው" አለ።

"ምን አደረግኩ ብለህ ነው ወንድምዓለም" አለች እቴቴ። ማሚን አየቻት። ማሚ በረንዳውን እያየች ነበር፤ ከንፈሯ ቲማቲም የሚቆጥር ይመስላል። ከዛ እቴቴ ወደ እኔ ዞረች።

ቃሏ አፌ ላይ ነበረች፣ እውነቴን ነው። ምላሴ ላይ ቁጭ ብላለች። እቴቴ ትንሽ ወደ እኔ አዘነበለች፣ እንደዛ ትምህርት ቤት በር ላይ ስትጠብቀኝ እንደምትሆነው። ፊቷ ላይ ሻወር ቤት የሳቀችው ሳቅ ነበር። ልክ አፌን ስከፍት ግድግዳው ላይ የኔ ክፍል መጣ። መስኮቱ ዞሮ ከፊቴ ቆመ። ፀሐይዋ! አልጋው ላይ ወርዳ፣ ወለሉ ላይ ወርዳ... እንዴት እንደሚያምር ልነግራችሁ አልችልም።

"ሔሩ?" አለች እቴቴ።

"እቴቴ፣ መስኮቱ እኮ በፀሐይ መውጫ በኩል ነው!" አልኩ።

ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ ቀስ ብላ፣ እንደገባው ሰው። "እሰይ" አለች። "እሰይ የኔ እናት። ፀሐይ ጥሩ ነው።"

"ወይዘሮ የሻረግ፣ ለመጨረሻ ጊዜ..."

"ለእኔ ግድ የለኝም" አለች እቴቴ። "የትም እሆናለሁ።"

ቲን።

እና ቤቱ የኛ ሆነ!!! ማሚ አለቀሰች፣ አባቢ አቀፈኝ፣ እኔ ዘለልኩ። አባቢ "በየሳምንቱ እየሄድን እንጠይቅሻለን" አላት። ልዋጭ "ከምንዎ ላይ?" አለች። አባቢ ትንሽ አሰበ። "ከ... እግር ኳሱ... ቆይ፣ እሱን እናያለን" አለ።

የሄደችበት ቀን ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር። ሶፋችንንም አንድ ቤት ፈልጎት ስለነበረ አንድ መኪና ነው ሁለቱን የወሰደው። ጫኚው ልጅ "እማማ፣ ቦታ የለም፣ ሶፋው ላይ ይቀመጡ" አላት። እቴቴ በፌስታሏ ልብሷን ይዛ ጭነት ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ ነጠላዋን አጥብቃ፣ ቁጭ! እንደ ንግሥት! ፎቶ አነሳኋት። ፎቶው ላይ በደንብ ካያችሁት ግን ሶፋው ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ሶፋው በሙሉ ለብቻዋ እያለ።

ስትወጣ እንኳን ለጫኚው "አንተ በልተሃል?" እያለችው ነበር።

እና ገባን! መስኮቴ! የመጀመሪያው ጠዋት ፀሐይዋ ስትመጣ ብቻዬን ጮህኩ። ዞሬ "እቴቴ፣ እዪ!" ልል ነበር፣ ልማድ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ማሂ ደወለች። መቼም ማሂ ሚስጥር አትይዝ!

"ሔሩዬ፣ አትንገሪያት ብለውኛል፣ ግን እቴቴሽ እኛ ጋ ናት! እኛ ነን ያገኘናት!"

"እንዴ! እውነትሽን ነው?"

"ስሞት! ቤታችን ገነት ሆኗል በቃ። ሁላችንም በሙቅ ነው የምንታጠበው! ትንሹ ወንድሜ አልጋዋን ለውሻው ፈለገው፣ ግድ የለኝም አለች። አንቺ፣ ውሻው አልጋ ላይ፣ እሷ ፍራሽ ላይ፣ በሳቅ ሞትን! ኮሪደር ላይ ነው የምትተኛው። ቲን፣ ቲን፣ ቲን፣ ቀኑን ሙሉ። አጎቴ ቤትም ጠይቀውናል፣ ቅዳሜና እሁድ እናውሳቸዋለን መሰለኝ።"

"ምን ትላለች?"

"ማን?"

"እቴቴ።"

"ምንም አትልም እኮ፣ እሱ አይደል ጥሩነቷ? አንድ ነገር ብቻ። ሻወር ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ ትቆማለች። አትታጠብም፣ ዝም ብላ ትቆማለች፣ በሩን ገርበብ አድርጋ። እናቴ ውሃ ታባክናለች ብላ ከለከለቻት።"

"አሃ" አልኩ። ከዛ ማሂ ስለሌላ ነገር ማውራት ጀመረች፣ ሳቅን፣ ረሳሁት። ማለቴ፣ ልረሳው ነው።

እዚህ ቤት ትንሽ የሚገርም ነገር ብቻ አለ። ጠዋት ማሚ "ሙቅ ውሃ" አለች፣ ልዋጭ "ከማን ላይ?" አለች፣ ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን። ባዶ ነው። አባቢ "ከእኔ አይደለም" አለ። ማሚም "ከእኔማ አይሆንም" አለች። ከዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጣሉ። ማሚ "አንተ ድሮም ራስህን ነው የምትወደው" አለች። አባቢ "እህቴን የሸጥኩት ለማን በረንዳ ነው?" አለ። ከዛ በኋላ አይነጋገሩም። ማንኪያ እንኳን በእኔ በኩል ነው የሚቀባበሉት።

ትናንት ምሳ ላይ ፓስታው ድስቱ ውስጥ አንድ ጭልፋ ቀረ። ማሚ "ሔሩ፣ ልጨምርልሽ?" አለችኝ። እርቦኝ ነበር፤ ፓስታ እንዴት እንደምወድ ታውቃላችሁ። ግን ሁለቱም ፊታቸው ጥቁር ብሏል፣ እና አፌ በራሱ "አይ ማሚዬ፣ ጠግቤያለሁ" አለ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ቀና ብዬ አየኋት፤ እንደገና ትጠይቀኛለች ብዬ። ከንፈሯ ትንሽ ተከፈተች፣ "በ..." የምትል መሰለኝ። ግድግዳውን አየችና ድስቱን ወደ አባቢ ገፋችው።

ቲን።

አንድ ጊዜ ናት! አንድ ፓስታ! ምን ይሆናል?

ቆይ፣ ልዋጭ እየጠራችኝ ነው። ማሚም በሩ ላይ መጥታ ቆማለች፣ አባቢም ከኋላዋ። ደስ ሲል፣ አብረው ቆመዋል!

"ሔራን" አለች ልዋጭ። "የመስኮትሽ ብርሃን ለበረንዳው አትክልት ተፈልጓል። በዚህ ጉዳይ እናትሽና አባትሽ ተስማምተዋል። ከዛሬ ጀምሮ የቤቱ ዝቅተኛ ክብደት የአንቺ ነው። ትለቂዋለሽ?"

ማሚ እየሳቀችልኝ ነው። ከገባን ጀምሮ ሳቋን አላየሁትም ነበር። "ቅር ይልሻል እንዴ ሔሩዬ?" አለችኝ። "ንገሪን፣ አንቺ ካልፈለግሽ ይቀራል።"

ይቀራል ብላለች እኮ። እምቢ ማለት ብቻ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት።

መዝለሌን አቆምኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ፀሐይዋ እግሬ ላይ ናት፣ ሞቃለች። አባቢን አየሁት፣ ማሚን አየኋት። ሁለቱም እንዴት ደስ ብሏቸዋል! እንዴት ብዬ ነው...

"ኧረ ምንም አይደል" አልኩ። "ለእኔ ግድ የለኝም።"

ከዛ ትንሽ ወደ እሷ አዘነበልኩና ጠበቅኩ።

ማሚ ወደ ግድግዳው አየች። "የኔ ጎበዝ" አለችና ቀስ ብላ በሩን ዘጋችልኝ።

ቲን።